መኖሪያ አካባቢ ሲመረጥ የቤት ዋጋንና የኑሮ ጥራትን ማነጻጸር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ቤት ሊገዙ ወይም ሊከራዩ የተነሡ ሰዎች በሁለትና በሦስት አካባቢዎች መካከል ሲያመነቱ አዘውትረው የሚያነሷቸው ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ በስሌት ምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች የየትኛውም አገር ገንዘብ ሳይሆኑ ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

ንጽጽሩን ከየት ልጀምር?

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከዋጋ ነው። ያለውን ገንዘብ ይዞ የት የት ቤት እንደሚገኝ ያጣራል፤ ከዚያ ከተገኙት መካከል የተሻለውን ይመርጣል። ይህ አካሄድ ቀላል ቢሆንም አንድ ጉድለት አለበት፤ ቤተሰቡ በትክክል የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የአማራጮቹ ዝርዝር አስቀድሞ ይዘጋል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ያለፈውን አንድ ሳምንት በወረቀት ላይ ማስፈር ይሻላል። እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የት ሄደ፣ በስንት ሰዓት ወጥቶ በስንት ሰዓት ተመለሰ፣ በእግር ነው በመኪና፣ ማን ማንን አደረሰ፣ የታመመ ሰው ነበረ ወይ፣ ገበያ ስንት ጊዜ ተወጣ? ይህን የጻፈ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደነቅበት ነገር አያጣም። «መናፈሻ አጠገብ ካልሆነ አልኖርም» ይል የነበረው ባለፉት ሦስት ወራት መናፈሻ ረግጦ እንደማያውቅ፣ ስለ ፋርማሲ ግን አስቦ የማያውቀው በወር አምስት ጊዜ እንደሚመላለስ ያስተውላል። አካባቢ የሚለካው እንዲኖረን በምንመኘው ሕይወት ሳይሆን በእርግጥ በምንኖረው ነው፤ ምኞት ቦታ የለውም ማለቴ ሳይሆን፣ ቢያንስ ምኞት መሆኑ ታውቆ ይገባ ለማለት ነው።

አንዱ አካባቢ ከሌላው የሚወደደው ለምንድን ነው? ዋጋው ራሱ የኑሮ ጥራቱን አይነግረኝም?

ይነግራል፤ የሚነግረው ግን ሌሎች ሰዎች ለዚያ ቦታ የሰጡትን ግምት ነው። ሐሳቡ ረጅም ታሪክ አለው። ጀርመናዊው ዮሐን ሃይንሪኽ ፎን ቱነን በ1826 ባሳተመው ጥናት፣ ለገበያ ከተማ የቀረበ የእርሻ መሬት ኪራይ ከፍ የሚለው ገበሬው ለማጓጓዣ የሚያወጣው ስለሚቀንስለት መሆኑን አስረድቶ ነበር። ዊሊያም አሎንሶ በ1964 ይህንኑ አስተሳሰብ ወደ ከተማ መኖሪያ አመጣው፤ ወደ ሥራ ማዕከል የቀረበ ቦታ የሚወደደው ሰዎች ከመንገድ ለሚቆጥቡት ጊዜና ወጪ ሲሉ እየተሻሙ ዋጋውን ስለሚያወጡት ነው። ሸርዊን ሮዘን በ1979፣ ጄኒፈር ሮባክ ደግሞ በ1982 አንድ እርምጃ ጨመሩበት፤ ንጹሕ አየር፣ ጸጥታ፣ መልካም የአየር ንብረትና የመሳሰለው ሁሉ በቤት ኪራይና በደመወዝ ውስጥ እንደሚገባ አሳዩ። ሰዎች ደስ ለሚል ቦታ ከፍ ያለ ኪራይ ይከፍላሉ ወይም አነስ ያለ ደመወዝ ይቀበላሉ፤ አለዚያም ሁለቱንም ያደርጋሉ።

ከዚህ ለቤት ፈላጊ የሚበጅ አንድ ቁም ነገር ይወጣል። የኑሮ ጥራት ከቤቱ ዋጋ ውጭ የቆመና በምርቃት የሚገኝ ነገር አይደለም፤ አብዛኛው አስቀድሞ ተተምኖ ዋጋው ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ «ርካሽም ጥሩም የሆነ ቦታ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያራምድም። የሚያራምደው ጥያቄ «ገበያው ከፍ አድርጎ የሚከፍልበት ለእኔ ግን የማይጠቅመኝ ነገር ምንድን ነው? ለእኔ እጅግ የሚያስፈልገኝ ገበያው ግን ዝቅ አድርጎ የሚያየውስ?» የሚለው ነው። ከቤቱ የሚሠራ ሰው ለሥራ ማዕከል ቅርበት የሚከፈለውን ጭማሪ ሊተወው ይችላል፤ በምሽት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ቀን ቀን ጸጥ ያለ፣ ማታ ግን ግርግር የሚበዛበትን ሰፈር በቅናሽ አግኝቶ ምንም ላይጎዳበት ይችላል። ሁሉም ሰው የሚፈልገውን መፈለግ ውድ ነው።

ደግሞም ዋጋና ጥራት በሁሉም ስፍራ እኩል አብረው አይሄዱም። ለኑሮ ምቹ በመባል በተደጋጋሚ የአንደኝነቱን ደረጃ የያዘችው ቪየና ግማሽ ያህሉ ነዋሪዋ የሚኖረው በከተማው አስተዳደር ቤቶች ወይም በመንግሥት ድጎማ በተሠሩ ቤቶች ነው፤ አስተዳደሩ ብቻ የ220,000 ያህል ቤቶች ባለቤት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የኑሮ ጥራት ያለቅጥ በኪራይ ላይ አይጫንም። ስለዚህ የአካባቢውን የቤት ፖሊሲ ማወቅ፣ በተለይም የኪራይ ጭማሪ ወሰን አለው ወይስ የለውም የሚለውን፣ የዋጋ ሠንጠረዥ ከማየት አያንስም።

«አማካይ የቤት ዋጋ» ተብሎ የሚገለጸው ቁጥር ምን ያህል ያስተማምናል?

በጥንቃቄ ካልተነበበ ያሳስታል። በአንድ ሰፈር አምስት ቤቶች በ40፣ በ45፣ በ50፣ በ55 እና በ310 ተሸጡ እንበል። አማካዩ 100 ነው፤ ነገር ግን በ100 አካባቢ የተሸጠ አንድም ቤት የለም። ዋጋዎቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው 50 ነው፤ ሚዲያን የሚባለው ይኸው ሲሆን ለቤት ፈላጊ የሚቀርበው እውነት እርሱ ነው። አንድ ትልቅ ቪላ የሰፈሩን አማካይ ሰማይ ሊሰቅለው ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የተጠየቀበትና የተሸጠበት ዋጋ ልዩነት ነው። ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ሻጩ የተመኘው ዋጋ ነው። ገበያ በቀዘቀዘ ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ሻጮች ዋጋ ከመቀነስ ይልቅ መጠበቅን ስለሚመርጡ ማስታወቂያው ላይ ምንም የተለወጠ አይመስልም። አንድ ቤት ስንት ጊዜ ለሽያጭ ቀርቦ እንደነበረና ለስንት ወራት እንደቆየ መጠየቅ ከዋጋው ያላነሰ መረጃ ይሰጣል።

ሦስተኛው ስፋት ነው። በካሬ ሜትር ዋጋ ማወዳደር ተገቢ ነው፤ ግን የትኛው ካሬ ሜትር? በማስታወቂያው 90 ካሬ ሜትር የተባለ ቤት የግድግዳው ውፍረት፣ በረንዳውና የጋራ ደረጃው ድርሻ ተቀንሶ ሲለካ 72 ካሬ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ የእያንዳንዱ ካሬ ሜትር እውነተኛ ዋጋ ከተነገረው በ25 በመቶ ይበልጣል። ሜትር ይዞ መሄድ አያሳፍርም። እንዲያውም አንዱ ክፍል ሲለካ ሻጩ ወይም ደላላው የሚያሳየው ፊት ብዙ ይናገራል።

የዋጋውን አካሄድ በዓመታት ማየት ከፈለጉ ደግሞ የአንድን ቤት ተደጋጋሚ ሽያጭ የሚያወዳድሩ መለኪያዎች የተሻሉ ናቸው። ካርል ኬዝና ሮበርት ሺለር በ1980ዎቹ ያዳበሩት ዘዴ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ያው ቤት ቀድሞ በስንት ተሸጦ አሁን በስንት እንደተሸጠ ስለሚያይ፣ አምና ትንንሽ ቤቶች ዘንድሮ ትልልቅ ቤቶች ስለተሸጡ ብቻ «ዋጋ ጨመረ» ከማለት ያድናል።

ቤቱ ከአቅሜ በላይ መሆን አለመሆኑን በምን ልወቅ?

በስፋት የሚሠራባቸው ሁለት መለኪያዎች አሉ። አንደኛው የቤት ዋጋን ለቤተሰብ ዓመታዊ ገቢ ማካፈል ነው፤ ከተሞችን በዚህ መንገድ የሚያወዳድሩ ጥናቶች ውጤቱ እስከ 3 ሲሆን ቤቱን በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገኝ፣ ከ5 ሲያልፍ ደግሞ በእጅጉ የማይቀመስ ብለው ይመድቡታል። ሁለተኛው ከወር ገቢ ለመኖሪያ የሚወጣው ድርሻ ነው። 30 በመቶ የሚለው ልማዳዊ ወሰን የታወቀ ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት አንድን ቤተሰብ በቤት ወጪ ከመጠን በላይ የተጫነ የሚለው ወጪው ከተጣራ ገቢው ከ40 በመቶ ሲበልጥ ነው።

ሁለቱም መለኪያዎች ግን የሚዘሉት ነገር አለ። ዋጋ ለገቢ የሚለው ስሌት የወለድን ነገር አያይም፤ የ20 ዓመት ብድር ወለዱ ከ6 ወደ 10 በመቶ ከፍ ቢል፣ የቤቱ ዋጋ ሳይለወጥ ወርኃዊ ክፍያው በ35 በመቶ ያህል ይጨምራል። የ30 በመቶው ደንብ ደግሞ መጓጓዣን አይጨምርም፤ 25 በመቶውን ለኪራይ፣ 20 በመቶውን ለነዳጅና ለመኪና ጥገና የሚያወጣ ቤተሰብ 33 በመቶ ለኪራይ ከፍሎ በእግሩ ከሚሄደው የተሻለ ይዞታ ላይ ያለ ይመስላል እንጂ አይደለም። እኔ ለሁለቱ የምቆርጠው አንድ ወሰን ብቻ ነው፤ ቤትና መንገድ አንድ ላይ ተደምረው ስንት ይወስዳሉ? ከዚያም በኋላ መጠየቅ ያለበት የተረፈው ድርሻ በመቶኛ ስንት እንደሆነ ሳይሆን በእጅ የሚቀረው ገንዘብ ለምግብ፣ ለሕክምናና ለልጆች ይበቃል ወይ የሚለው ነው፤ የአነስተኛ ገቢ 70 በመቶና የከፍተኛ ገቢ 70 በመቶ አንድ አይደሉምና።

መግዛት ይሻለኛል ወይስ መከራየት?

መልሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ለዚህም የቤቱን ዋጋ ለተመሳሳይ ቤት ዓመታዊ ኪራይ ማካፈል ጥሩ መነሻ ነው። ዋጋው 100 የሆነ ቤት እናስብ። ባለቤት ለመሆን በዓመት የሚወጣው የብድር ወለድ፣ ወይም ገንዘቡ የራስ ከሆነ ሌላ ቦታ ቢቀመጥ ያስገኝ የነበረው ትርፍ፣ 6 ይሁን፤ ጥገና 1፣ ግብርና መድን 0.5 ይሁን። በጠቅላላ 7.5 ነው። የዚያ ዓይነት ቤት በዓመት በ4 የሚከራይ ከሆነ፣ ገዢው ከተከራዩ ጋር እኩል የሚሆነው የቤቱ ዋጋ በየዓመቱ 3.5 በመቶ ሲያድግ ብቻ ነው። በ8 የሚከራይ ከሆነ ግን ዋጋው ባለበት ቢቆም እንኳ መግዛቱ ያዋጣል።

በዚህ ላይ የሽያጭ ወጪው ይጨመራል። የደላላ፣ የስም ማዛወሪያና የመሳሰለው ወጪ ሲገዛና ሲሸጥ ተደምሮ 8 ቢሆን፣ በ2 ዓመት ለቆ ለሚሄድ ሰው በዓመት 4 ሲደርስበት 10 ዓመት ለሚቀመጥ 0.8 ብቻ ይሆንበታል። ስለዚህ ከሒሳቡ ሁሉ በላይ የሚወስነው «እዚያ ስንት ዓመት እቆያለሁ?» የሚለው ነው። አካባቢውን በቅጡ ያላወቀ ሰው ይህን ሊመልስ አይችልም፤ ባልታወቀ ሰፈር መጀመሪያ መከራየት የሚመከረውም በዚህ የተነሣ ነው። ኪራይ ገንዘብ ማባከን ነው የሚሉ ሰዎች የብድር ወለድንም በዚያው ዓይን ቢያዩት ፍትሐዊ ይሆን ነበር።

ራቅ ብዬ ሰፊና ርካሽ ቤት ብይዝ አያዋጣኝም?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የቤቱ ዋጋ በአንድ ቁጥር ተጽፎ ፊት ለፊት ሲቀመጥ የመንገዱ ዋጋ በየቀኑ ተቆራርሶ ስለሚከፈል አይታይም። አንድ ላይ ሲሰበሰብ ምን እንደሚመስል እንየው። ሩቁ ቤት በአንድ ጉዞ 45 ደቂቃ ተጨማሪ የሚወስድ ከሆነ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በወር 22 የሥራ ቀናት ቢኖሩ 33 ሰዓት፣ የእረፍት ወር ተቀንሶ በ11 ወር 363 ሰዓት ይሆናል። ይህ በስምንት ሰዓት ሲከፈል ከ45 ሙሉ የሥራ ቀናት ይበልጣል። ሁለት ሠራተኞች ባሉበት ቤት እጥፍ ነው። በዚህ ላይ የመጓጓዣው ሒሳብ፣ ሲመሽ ከቤት ውጭ የሚበላው እራት፣ ልጆችን የሚጠብቅ ሰው ክፍያ አለ።

ሰዎች በቀን ለጉዞ የሚያውሉት ጊዜ በታሪክ ውስጥ አንድ ሰዓት አካባቢ እንደሚያንዣብብ ቄሳሬ ማርኬቲ የተባለ ጣሊያናዊ የፊዚክስ ባለሙያ በ1994 ጽፏል፤ መጓጓዣ ሲፈጥን ሰዎች የተረፈውን ጊዜ ቤታቸው አያውሉትም፣ ራቅ ብለው ይሰፍራሉ። ከዚያ ወሰን በእጅጉ የሚያልፍ ጉዞ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በ2004 ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ በቴክሳስ የሚኖሩ 909 ሠራተኛ ሴቶችን ያለፈ ቀናቸውን በየክፍሉ አስታውሰው ስሜታቸውን እንዲመዘግቡ ባደረጉበት ጥናት፣ ከቀኑ ክንውኖች ሁሉ ስሜትን በማክበድ ግንባር ቀደም ሆኖ የተገኘው የጠዋት የሥራ ጉዞ ነበር። ብሩኖ ፍራይና አሎይስ ሽቱትሰርም የጀርመንን መረጃ ተጠቅመው በ2008 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች በቤት ወይም በደመወዝ ተክሰው ነው የሚለው ግምት እንደማይጸና፣ በሕይወታቸው ያላቸው እርካታም ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይተዋል።

ለዚህ አንድ ምክንያት አለ። ተጨማሪ መኝታ ክፍል በሦስት ወር ውስጥ ይለመዳል፤ ዓይን ማየቱን ይተወዋል። የመንገድ መጨናነቅ ግን በየዕለቱ መልኩን ስለሚለዋውጥ አይለመድም። ይህን ስል ሩቅ መኖር ስህተት ነው እያልኩ አይደለም፤ ቤቱ የሚሠራ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚወጣ፣ ወይም በባቡር ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ሒሳቡ ፈጽሞ ሌላ ነው። የሥራ ሁኔታ ግን ይለወጣል፤ አሠሪው ነገ ሁሉም በየቀኑ ይግባ ቢል ቤቱ ያኔም የሚኖሩበት መሆኑን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚወጡት የ«ምርጥ ከተሞች» ዝርዝሮች ይጠቅማሉ?

ለምን ተብለው እንደተዘጋጁ ከታወቀ ይጠቅማሉ። የኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት የተባለው የጥናት ተቋም ዝርዝር 173 ከተሞችን በመረጋጋት፣ በጤና አገልግሎት፣ በባህልና አካባቢ፣ በትምህርትና በመሠረተ ልማት ይመዝናል፤ ቪየና ከ2022 እስከ 2024 አንደኛ ስትሆን በ2025 ኮፐንሃገን ተክታታለች። መርሰር የተባለው አማካሪ ኩባንያ ዝርዝር ደግሞ ኒውዮርክን መነሻ አድርጎ ሌሎቹን ከእርሷ ጋር ያነጻጽራል። ሁለቱም ዝርዝሮች፣ ኩባንያዎች ወደ ውጭ ለሚልኳቸው ሠራተኞች አበል ሲወስኑ የሚጠቀሙባቸው ናቸው። በመሆኑም የቤት ዋጋን ከምቾት ጋር አያጋጩትም፤ በዝርዝሩ አናት ላይ ያለች ከተማ ያለ ኩባንያ ድጎማ ለሚኖር ሰው የማትቻል ልትሆን ትችላለች። ደግሞም የከተማው ነጥብ የሰፈሩ ነጥብ አይደለም። በአንድ ከተማ ውስጥ በሁለት ሰፈሮች መካከል ያለው ልዩነት በሁለት ከተሞች መካከል ካለው ሊበልጥ ይችላል።

የተባበሩት መንግሥታት ከ1990 ጀምሮ የሚያወጣው የሰብአዊ ልማት መለኪያ ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን ያጣምራል፤ አገርን ለመምረጥ እንጂ ሰፈርን ለመምረጥ አይሆንም። ከሁሉም ለግለሰብ የሚቀርበው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2011 የጀመረው መለኪያ አሠራር ነው፤ 11 ጉዳዮችን ዘርዝሮ ክብደታቸውን ተጠቃሚው ራሱ እንዲሰጥ ያደርጋል። ክብደቱ ሲለወጥ የአገሮቹ ቅደም ተከተልም ይለወጣል፤ አንደኛ የሚባል ነገር ያለ መዛኙ እንደሌለ በግልጽ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

የአየር ጥራትንና ድምፅን እንደ ቁም ነገር ልቁጠራቸው?

አዎን፤ በቤቱ ግድግዳ የሚያምሩ ቀለሞች ሊሸፍኗቸው የማይችሉ ነገሮች ናቸውና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባሻሻለው መመሪያ መሠረት በአየር ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ የዓመት አማካዩ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር ከ5 ማይክሮግራም ባይበልጥ ይመረጣል፤ ቀድሞ የነበረው ወሰን 10 ነበር። ለመኪና መንገድ ድምፅ ደግሞ የድርጅቱ የአውሮፓ መመሪያ በ2018 ያስቀመጠው የቀን፣ የምሽትና የሌሊት አማካይ መለኪያው ከ53 ዴሲቤል፣ የሌሊቱ ብቻ ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ ነው። ዴሲቤል እንደ ኪሎ የሚደመር መለኪያ አይደለም፤ በ10 ሲጨምር ለጆሮ እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል። ስልክ ላይ በሚጫን የድምፅ መለኪያ የሚገኘው ቁጥር ረቂቅ ባይሆንም ሁለት መኝታ ቤቶችን ለማወዳደር ይበቃል።

ልጅ የለኝም፤ ጥሩ ትምህርት ቤት አጠገብ ለመኖር ልክፈል?

ሳንድራ ብላክ በ1999 ባሳተመችው ጥናት በማሳቹሴትስ በትምህርት ቤት ክልል ወሰን ግራና ቀኝ ያሉ ተመሳሳይ ቤቶችን አወዳድራ፣ የፈተና ውጤት በ5 በመቶ ለሚበልጥ ትምህርት ቤት ወላጆች በቤቱ ዋጋ ላይ 2.5 በመቶ ያህል እንደሚጨምሩ አግኝታለች። ተከራይ ከሆኑና ልጅ ከሌለዎት ይህን ጭማሪ የሚከፍሉት ለማይጠቀሙበት ነገር ነው፤ ወሰኑን ተሻግረው ይከራዩ። ገዢ ከሆኑ ግን ነገ ቤቱን የሚገዛዎት ሰው ልጆች ሊኖሩት ስለሚችል ገንዘቡ ሲሸጡ ሊመለስልዎት ይችላል።

አካባቢውን ስጎበኝ ምን ምን ልመልከት?

ቤት የሚያሳዩ ሰዎች ቀጠሮ የሚይዙት ብዙውን ጊዜ ፀሐይ በቤቱ መስኮት በምትገባበትና መንገዱ ጭር በሚልበት ሰዓት ነው። እኔ ራሴ በአንድ እሑድ ረፋድ አይቼ ጸጥታውን ወድጄ የተከራየሁት ቤት ሰኞ ማለዳ በ11 ሰዓት ተኩል ለካ ከጀርባው የጭነት መኪኖች ሞተር የሚያሞቁበት ግቢ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሳልሄድ አልወስንም፤ በሥራ ቀን ጠዋት፣ በሥራ ቀን ማታ፣ በእረፍት ቀን ሌሊት። ከተቻለ ደግሞ ዝናብ በጣለ ማግስት። ምድር ቤት ያለው ግድግዳ ላይ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚሄድ የእርጥበት መስመር፣ በአንድ ጥግ ብቻ አዲስ የተቀባ ቀለም፣ የታጠፈ ምንጣፍ የተቀመጠበት ቦታ የሚነግሩት ታሪክ አላቸው።

ቤቱ ውስጥ የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ሲከፈት ውኃው እንዴት እንደሚወርድ ይዩ፤ ሁለተኛውን ቧንቧ ሲከፍቱ የመጀመሪያው ከቀጠነ ግፊቱ ደካማ ነው። መስኮቱን ዘግተው ለአንድ ደቂቃ ምንም ሳይናገሩ ይቁሙ። ስልክዎ በየክፍሉ ኔትወርክ ይይዝ እንደሆነ ይመልከቱ። ከዚያ ወጥተው በሥራ መግቢያ ሰዓት ከበሩ እስከ ሥራ ቦታዎ ድረስ በራስዎ ይጓዙ፤ ካርታ የሚናገረው ደቂቃ መኪና ማቆሚያ ፍለጋንም ሆነ ሰልፍ መጠበቅን አይቆጥርም። በመጨረሻም ጎረቤት ያነጋግሩ። «ሰፈሩ ጥሩ ነው?» ብሎ መጠየቅ «ጥሩ ነው» የሚል መልስ ብቻ ያመጣል፤ «ውኃ መጨረሻ የጠፋው መቼ ነበር? ሌሊት ከስንት ሰዓት በኋላ በእግር አይሄዱም? እዚህ ቤት የነበሩት ለምን ለቀቁ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ሰው እውነቱን ይናገራል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደሚባለው፣ በዚያ አጭር ወግ ውስጥ የሚያዩት ሰው ራሱ ከቤቱ ጋር የሚረከቡት ነውና አቀባበሉንም ልብ ይበሉ።

ነጥብ እየሰጡ በሠንጠረዥ ማወዳደር ይሠራል?

ሐሳብን ለማጥራት ይረዳል፤ ለመወሰን ግን ብቻውን አይበቃም። ችግሩ ነጥቦቹ ሲደመሩ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሸፍን መምሰሉ ነው፤ ውብ በረንዳ ለጎርፍ የተጋለጠ ምድር ቤትን አያካክስም። ስለዚህ በመጀመሪያ የማይታለፉትን ነገሮች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ አድርገው ይለዩና ያላሟላውን ቤት ያለ ነጥብ ያውጡት። ለቀሩት ግን ነጥብ ከመስጠት ይልቅ ወደ ገንዘብ መመንዘር የበለጠ ያጠራል፦ ሁለቱ ቤቶች በሌላው ሁሉ እኩል ቢሆኑ፣ በወር ስንት ተጨማሪ ብከፍል ነው 20 ደቂቃ የቀረበውን የምመርጠው? ለጸጥታውስ? እንዲህ ሲጠየቅ ከባልና ሚስት አንዱ «ምንም» ሌላው «የኪራዩን ሩብ» የሚሉበት ጊዜ አለ፤ ክርክሩ ያን ጊዜ ስለ ቤት መሆኑ ይቀርና ማን በየትኛው ሰዓት ቤት እንደሚውል ወደሚለው ይዞራል፤ መነጋገር የነበረባቸውም ስለዚሁ ነበር።

የተሻለ ቦታ ብሄድ ደስተኛ እሆናለሁ?

ዴቪድ ሽኬድና ዳንኤል ካህነማን በ1998 ባሳተሙት ጥናት በካሊፎርኒያና በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ የሚማሩ ሁለት ሺህ ያህል ተማሪዎችን ጠይቀው ነበር። ሁለቱም ወገኖች ካሊፎርኒያ የሚኖር ሰው የበለጠ በሕይወቱ ይረካል ብለው ገመቱ፤ ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን የሁለቱ እርካታ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ቦታን ስናወዳድር ዓይናችን ጎልቶ በሚለያቸው ነገር፣ በዚህ ምሳሌ በአየሩ ጠባይ፣ ላይ ያርፍና በየቀኑ የሚኖረውን ተራ ነገር ይዘነጋል። ስለዚህ አንድን ቦታ ከሌላው በእጅጉ የለየልዎት ባሕርይ ካለ፣ በአንድ ተራ ማክሰኞ ስንት ደቂቃ እንደሚነካዎት ይቁጠሩ።

«ወደፊት ያድጋል» በተባለ አካባቢ ልግዛ?

መንገዱ ወይም ባቡሩ የተባለለት በወሬ፣ በጸደቀ ዕቅድ ወይስ በተመደበ በጀት መሆኑን ይለዩ። ወሬው ለእርስዎ ከደረሰ ለሻጩም ደርሷል፤ ዋጋው ውስጥም ገብቷል። ዕቅዱ ቢዘገይ ዛሬ ባለበት ሁኔታ አምስት ዓመት ለመኖር የማይፈቅዱበትን ቦታ አይግዙ።

ሁለት አማራጭ ቀርቶልኝ መወሰን ቢያቅተኝስ?

ሁለቱ እስከዚህ ድረስ እኩል ከሆኑ ልዩነታቸው ትንሽ ነውና የሚቀለበሰውን ይምረጡ፤ ከግዢ ኪራይ፣ ከሁለት ዓመት ውል የስድስት ወር ውል። ከተቻለ ኪራዩ የአካባቢውን ክፉ ወቅት እንዲያካትት ያድርጉ፤ ዝናብ የሚበዛበት ከሆነ በዝናብ፣ ሙቀቱ የሚከብድ ከሆነ በሙቀት ጊዜ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከቤት የወጡበትንና የገቡበትን ሰዓት፣ ውኃና መብራት የጠፉባቸውን ቀናት፣ ለመጓጓዣ የከፈሉትን በአንድ ደብተር ይመዝግቡ፤ ከዚያም ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ሲሉ ከጻፉት የሳምንት ዝርዝር ጎን አስቀምጠው ያስተያዩት።